ጫሞ የጎደለው ሎጅ አይደለም፣ መንገድ ነው

ጫሞን ለማየት የተለመዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው አርባ ምንጭ ላይ ገደል አፋፍ ከተሠሩት ሎጆች በአንዱ በረንዳ ተቀምጦ፣ ቡና እየጠጡ፣ ከላይ ወደ ታች መመልከት ነው። ሁለተኛው በሞተር ጀልባ አዞ ገበያ ደርሶ፣ አዞና ጉማሬውን ፎቶ አንስቶ፣ በዚያው ቀን መመለስ ነው። በሁለቱም መንገድ የመጣ እንግዳ ሐይቁ ዳር ከሚኖረው ሰው ጋር ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጥ ይሄዳል። ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብስክሌት። «አገር ስንት ችግር እያለበት ስለ ብስክሌት ታወራለህ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሱኝ። የማወራው ስለ መዝናናት አይደለም። የጫሞ ዳርቻ ጥቅም ለማን ይድረስ ስለሚለው ጥያቄ ነው።

እስቲ አብረን የአራት ቀን ጉዞ በተራራ ብስክሌት እናቅድ።

ወቅቱን እንምረጥ። የጋሞ ቆላ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው መስከረም ላይ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት ከደጋው የሚወርዱት ሲሌ፣ ኤልጎና ወዘቃ ወንዞች ሲሞሉ ድንጋይ ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሁን።

መስመሩን እንምረጥ። ሰሜኑና ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ጫሞን ከአባያ የሚለየው የእግዜር ድልድይም ጭምር፣ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ያለ ፈቃድና ያለ ስካውት አይገባበትም። ስለዚህ በምዕራቡ በኩል እንሂድ። ከአርባ ምንጭ ተነስተን፣ የሙዝ እርሻውን ይዘን ወደ ሲሌና ሼሌ፤ ከዚያ ወደ ኤልጎና ወዘቃ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጊዶሌ ዳገቱን እንውጣ። ሐይቁ ያለው 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጊዶሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በአራተኛው ቀን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ወደመዘገባቸው የኮንሶ እርከኖች እናመራለን። መኪና በዋናው መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ በሰዓታት የሚጨርሰውን እኛ አራት ቀን እንኑርበት።

ሰዓቱን እንምረጥ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነስቶ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ መያዝ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ጥቂት ነድቶ ሳይመሽ መግባት። ጉማሬ ሲመሽ ከውኃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ አዞውም ከዳር አይርቅም። መስመሩ ከውኃው አፍ ራቅ ብሎ የኮረብታውን ግርጌ ይከተል። ለግራር እሾህ ትርፍ ካላማዳሪያና ፓምፕ፣ ለወባ አጎበር እንያዝ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ተፈጥሮ መልሶልናል። የቀሩትን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ያለበት ሰው ነው። የትኛው ዱካ ለመንገደኛ የተፈቀደ ነው፣ የትኛውስ የሰው ማሳ ነው? ማታ የት አድሬ ለማን ልክፈል? አንድ ነገር ቢደርስብኝ ማንን ልጥራ? እነዚህን መልሶ አንድ ገጽ ካርታ ላይ የሚያሰፍር አካል ከሌለ ዕቅዱ ዕቅድ አይሆንም። እንግዳውም መኪና ተከራይቶ ወደ ሎጁ በረንዳ ይመለሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ሌላው እንዴት አደረገው? ሩዋንዳ በኪቩ ሐይቅ ዳር ከሩባቩ እስከ ሩሲዚ 227 ኪሎ ሜትር የእግርና የብስክሌት መስመር አላት፤ የኮንጎ ናይል መስመር ይሉታል። ብስክሌተኛ በአምስት ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። አብዛኛው ገበሬው ሲመላለስበት የኖረ የአፈር መንገድ ነው። ሥራው መስመሩን መለየት፣ ስም መስጠትና ማረፊያዎቹን ማሳወቅ ነበር። ይቺው አገር እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኪጋሊ ላይ አስተናግዳለች።

«ሩዋንዳ ሌላ፣ እኛ ሌላ» ለሚሉ ሰሜን ወሎ መቄትን ላስታውሳቸው። ከሃያ ዓመት በፊት «ተስፋ» በተባለው ፕሮጀክት ገበሬዎች በየመንደራቸው አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እግረኛ እንግዳ መቀበል ጀመሩ። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር እየተሸጋገረ ያድራል፤ ገቢው ለማኅበረሰቡ ይገባል። አስፋልት አልጠበቁም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ ነው።

«ሎጅ የሥራ ዕድል ይፈጥራል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይፈጥራል፤ ማንም ይፍረስ አላለም። ግን ሎጅ ገንዘቡን አንድ ግቢ ውስጥ ይሰበስበዋል። ብስክሌተኛ ግን በየ20 ኪሎ ሜትሩ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ጎማው ይፈነዳል። ሲሌ ላይ ሙዝ ይገዛል፣ ሼሌ ላይ አሳ ይበላል፣ ጊዶሌ ላይ ኩርኩፋ በሽፈራው ይቀርብለታል፣ ጎሚስታውም የድርሻውን ያገኛል። የጫሞ አሳ እየቀነሰ ባለበት በዚህ ዘመን መረቡን ጥሎ ሌላ እንጀራ ለሚፈልግ ወጣት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ይባላል። ቅዳሜና እሁድ በሃይኪንግ ስም አውቶቡስ ሞልቶ ወደ ወንጪና መናገሻ የሚወጣው የአዲስ አበባ ወጣት ፈረንጅ ነው እንዴ? ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ብስክሌት የሚነዳው ማነው?

«መጀመሪያ ሰላም» የሚለው ክርክር ግን የሚናቅ አይደለም። መንገዱ አያስተማምንም ከተባለ አይኬድም፤ አለቀ። ነገር ግን ሰላሙን ማን ነው የሚጠብቀው? ነጭ ሳርን ተመልከቱ። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ፓርክ ነው። አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ለማስተዳደር ተረክቦት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሎ ወጣ። እዚያው ከብት የሚያረባውና የሚያርሰው ሕዝብ ጉዳይ እልባት አላገኘማ! ነዋሪውን እንደ እንቅፋት ቆጥሮ የሚነሳ ዕቅድ መጨረሻው ይሄው ነው።

ጋሞ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አለው። ዱቡሻ አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በወገኖቹ የደረሰው ግፍ ያንገበገበውን የአርባ ምንጭ ወጣት፣ እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው ከበቀል የመለሱት የጋሞ አባቶች ናቸው። ያን ቀን ከተማውን ያዳነ ቃል አንድ ብስክሌተኛ እንግዳ ማስተላለፍ ያቅተዋል? የዘይሴም፣ የጊዶሌም፣ የኮንሶም ሽማግሌ እንደዚሁ በየቀዬው የሚደመጥ ቃል አለው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። መስመሩ ጋሞን፣ ጋርዱላንና ኮንሶን ይነካል፤ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። «የእኔ ወሰን አይደለም» የሚባልበት ምክንያት የለም። አንደኛ፣ ሦስቱ ዞኖች ተቀምጠው መስመሩን ይለዩ፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ካርታውን ይሥራ። ሁለተኛ፣ የማደሪያና የአስጎብኚ ዋጋ በየቀበሌው በግልጽ ይለጠፍ፣ ገቢውም በነዋሪው ፊት ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ዱካው በማን ማሳ ዳር እንደሚያልፍ ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ዱቡሻ ላይ ይመከርበት። ገበሬው «አይሆንም» ካለ መስመሩ ይዙር።

ለዚህ ዶዘር አያስፈልግም፤ ቀለም የተቀባ ድንጋይና የሚከበር ቃል ይበቃል። ዛሬ ዱካው ለሁሉም ካልተከለለ ነገ ዳርቻው በአጥር ይከለላል። ያኔ የሼሌ ልጅ ራሱ ጫሞን የሚያየው ከአጥር ውጭ ቆሞ ይሆናል።

ከዞን እስከ ክልል የሚመለከተው ሰው የምታውቁ አድርሱልኝ።