ፍርስራሹ የማን ነው?



ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ በአንድ ወገን እየፈረሰች በሌላ ወገን እየተሠራች ትገኛለች። በመጀመሪያ ፒያሳና አራት ኪሎ፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሥራ የቀድሞ መልካቸውን አጥተዋል። ሥራው ወደ ሌሎች የአገራችን ከተሞችም ተሻግሯል። ስለ ተነሺዎች መብት፣ ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ፓርቲያችን ያለውን አቋም በዚህ ማኒፌስቶ በሌላ ክፍል ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ የምናነሳው በስብሰባም ሆነ በሪፖርት እምብዛም የማይሰማ ጥያቄ ነው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ድንጋዩ፣ ብሎኬቱ፣ ቆርቆሮው፣ ፌሮው፣ በርና መስኮቱ ወዴት ሄደ? ማን ወሰደው? በስንት ዋጋ? ገንዘቡስ በማን ካዝና ገባ?

ጥያቄው ተራ ሊመስል ይችላል። «ፍርስራሽ ደግሞ ምን ዋጋ አለው?» የሚልም አይጠፋም። መልሱን የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሠራተኛ ጠንቅቆ ያውቀዋል። እዚያ የተጨማደደ ቆርቆሮ ይቃናል፣ የተጣመመ ፌሮ በመዶሻ ይስተካከላል፣ ያረጀ በርሜል ተቀድዶ ምድጃ ይሆናል። በየሰፈሩ «ቆራሌ» እያለ የሚዞረው ወጣትም ሌላው የጣለውን ሰብስቦ ቤተሰብ ያስተዳድራል። እንግዲህ የፈረሰን ነገር መልሶ የመጠቀም ዕውቀት በአገራችን ከጥንትም አለ። የጎደለን ሥርዓት፣ ሚዛንና ተጠያቂነት ነው።

1. ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት መሸጥን፣ መለወጥንና ማውረስን ያካትታል። የመሬት ተጠቃሚነቱ ሲቋረጥም ባለቤቱ ንብረቱን የማንሳት፣ ባለቤትነቱን የማዛወር ወይም የካሳ ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው። «ማንሳት» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ በከንቱ አልተጻፈም። የግል ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ቆርቆሮውን፣ በሩንና ጣውላውን ነቅሎ ለመውሰድ የሚበቃ ጊዜ ካልተሰጠው መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

የቀበሌ ቤትስ? በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆነዋል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ኪራይ እየሰበሰበ ያስተዳደራቸው መንግሥት ነው። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ሲፈርስ የሚወጣው ድንጋይና ብረት የሕዝብ ንብረት ነው። የሕዝብ ንብረት ደግሞ ሲወገድ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ ሲሸጥም በግልጽ ጨረታ ይሸጣል። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያረጀ ወንበር ለማስወገድ ኮሚቴ አቋቁሞ ቃለ ጉባዔ ይይዛል። አንድ ሰፈር ሙሉ ሲፈርስ ለሚወጣው ብረትና ድንጋይ የሚሰጠው ትኩረት ከወንበሩ ማነስ የለበትም።

ሦስተኛው የሕንፃ ተቋራጩ ፍርስራሽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት አካባቢን የበከለ ሰው ብክለቱን የማጽዳት ወይም የማጽጃውን ወጪ የመሸፈን ግዴታ ሊጣልበት ይችላል። አዋጅ ቁጥር 513/1999ም ስለ ግንባታና ስለ ፍርስራሽ ቆሻሻ ራሱን የቻለ ድንጋጌ ይዞ ወጥቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ጸድቆ የፌስታል ክልከላው መነጋገሪያ ሆኖ ሰንብቷል። ፌስታልን መከልከል ተገቢ ነው። ነገር ግን ለፌስታል የተሰጠው ትኩረት አንድ አሥረኛው እንኳ በገልባጭ መኪና ለሚደፋው ፍርስራሽ አልተሰጠም።

2. አሁን ያለው አሠራር

አሁን ያለን ነገር መድፊያ ነው። መኪናው ይመጣል፣ ይገለብጣል፣ ይሄዳል። የድፊያ ቦታው ሩቅ ወይም ሰልፉ ረጅም ሲሆን ደግሞ ጨለማን ተገን አድርጎ ገደል ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር የሚገለብጥ አይጠፋም። በቀበና፣ በባንትይቀጡና በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ የሚኖር ሰው ይህንን ለመስማት የእኛን ጽሑፍ አይጠብቅም። ፍርስራሽ ወንዙን ሲያጠብበው፣ የውኃ መውረጃ ቦዩንም ሲደፍነው፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ መንገድ ፍለጋ ወደ ሰው ቤት ይገባል። ኪሳራውን የሚከፍለው ደፊው ሳይሆን ጎርፉ የገባበት ቤተሰብ ነው።

መድፋት የሚያስከትለውን መዘዝ ይህች ከተማ በሰው ሕይወት ከፍላ አይታዋለች። ረጲ ወይም በተለምዶ ቆሼ የሚባለው ቦታ ከ50 ዓመት በላይ ያለ በቂ ሥርዓት ቆሻሻ ሲከመርበት ኖረ። በ2008 ዓ.ም. በምትኩ የተከፈተው የሰንዳፋ ማስወገጃ የአካባቢውን አርሶ አደሮች በአግባቡ ሳያሳምን ሥራ በመጀመሩ በተቃውሞ ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ከዚህ አደጋ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ማንኛውም ክምር ወሰን፣ ሚዛንና ጠባቂ ከሌለው አንድ ቀን ይናዳል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ነገር ግን አርማታ አይቃጠልም፣ ብሎኬትም አይነድም። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2.4 ቶን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ «ማመንጫ አለን» የሚለው መልስ ለፍርስራሽ አይሠራም። ፍርስራሽ የራሱ ቦታና የራሱ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

3. ሳይቸግር ጤፍ ብድር

አንድ ገልባጭ መኪና የፈረሰ አርማታ ጭኖ ከከተማ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ከድንጋይ ካባ ጠጠርና ገረጋንቲ ጭኖ ወደ ከተማ ይገባል። ሁለቱ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ለሁለቱም ነዳጅ ይቃጠላል፣ ለሁለቱም ቢያጆ ይከፈላል፣ ሁለቱም የምንሄድበትን አስፋልት ይሰብራሉ። ካባው የሚቆፈረው የአርሶ አደር ማሳ አጠገብ ነው፤ ፍንዳታውና አቧራው ቤቱ ድረስ ይዘልቃል። አሸዋውማ እስከ መተሐራና ላንጋኖ አካባቢ ተኪዶ ነው የሚመጣው። በእጅ ያለውን ድንጋይ ጥሎ አዲስ ድንጋይ መግዛት አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ዓይነት ነው።

ለሁሉም ነገር ልክ አለውና ፍርስራሽ ተፈጭቶ ለሁሉም ሥራ ይሆናል አንልም። ከአሮጌ አርማታ የተፈጨ ጠጠር ከአዲሱ ይልቅ ውኃ ይመጥጣል፤ ያለ ምርመራ የፎቅ ምሰሶ ሊሠራበት አይገባም። ለመንገድ መሠረት ንጣፍ፣ ለእግረኛ መንገድ ታይል፣ ለመንገድ ጠርዝ፣ ለውኃ መውረጃ ሙሊትና ለብሎኬት ግን በሚገባ ይሆናል። በኮሪደር ልማቱ በብዛት የተሠራው ደግሞ ይኸው የእግረኛ መንገድና የመንገድ ጠርዝ ነው። ከጭቃ ቤት የሚወጣው አፈርና ጭድ አይፈጭም፤ ተለይቶ ለሙሊትና ለአረንጓዴ ቦታ ይውላል። እንጨቱም፣ ቆርቆሮውም የየራሱ ገዢ አለው። ቁም ነገሩ መለየት ነው። አንዴ ተደባልቆ ከተደፋ ሁሉም ቆሻሻ ይሆናል።

4. ከመድፊያ ወደ ማምረቻ

ፓርቲያችን የሚያቀርበው ሐሳብ አዲስ ቦታ ፍለጋ ሌላ አርሶ አደር ማፈናቀልን አይጠይቅም። አሁን በሥራ ላይ ያሉትን የፍርስራሽ መድፊያዎች ደረጃ በደረጃ ወደ መልሶ ማምረቻነት ማሳደግ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ አጥር፣ የመኪና ሚዛንና መዝገብ ነው። የገባው መኪና ሁሉ ይመዘናል፤ ከየትኛው ሳይት እንደመጣና ማን እንደላከው ይጻፋል። ይህ ብቻውን ብዙ ይለውጣል፤ ምክንያቱም ከፈረሰው ቤትና ከገባው ፍርስራሽ መካከል ያለው ልዩነት ወንዝ ዳር የተደፋውን ወይም በስውር የተሸጠውን ይናገራል።

ሁለተኛው ደረጃ የመለያ ቦታና ተንቀሳቃሽ ክሬሸር ነው። አርማታው ይፈጫል፣ ፌሮው በማግኔት ይለያል፣ ጠጠሩ በወንፊት እንደ መጠኑ ይመደባል። አቧራው ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ውኃ እየተረጨ ይሠራል፤ ማሽኑም ከመኖሪያ ቤት ርቆ ይተከላል። አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ ጣሪያና ቧንቧ ከክሬሸሩ አጠገብ አይደርስም፤ ለብቻው ይወገዳል።

ሦስተኛው ደረጃ የብሎኬትና የታይል ማምረቻ ከመመርመሪያ ላቦራቶሪ ጋር ነው። ያልተመረመረ ምርት አይሸጥም። በዚህ ሥራ የመጀመሪያ ዕድል የሚሰጠው ዛሬ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል በክምሩ ላይ ፌሮ ለሚለቅመው ወጣትና ለቆራሌው ነው። መደራጀትም የየትኛውንም ፓርቲ አባልነት አይጠይቅም፤ የእኛንም ጭምር።

ይህ ሕልም አይደለም። የሕንድ ዋና ከተማ ዴልሂ እ.ኤ.አ. በ2009 ቡራሪ በተባለ ቦታ በቀን 500 ቶን ፍርስራሽ የሚያስተናግድ ማምረቻ ከፈተች። ሥራው ሲያዋጣ አቅሙ ወደ 2,000 ቶን አደገ። ከፍርስራሽ የተሠራው ብሎኬት ለሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተጨማሪ ሕንፃ ግንባታ ውሏል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሕግ አባል አገሮች እስከ 2020 ድረስ ከግንባታ ፍርስራሻቸው 70 በመቶውን መልሰው ጥቅም ላይ እንዲያውሉ አስገድዷል። ዴልሂ እንደኛው የተጨናነቀችና ብዙ ድሃ የሚኖርባት ከተማ ናት። የሠራላት አነስ አድርጋ ጀምራ፣ መዝግባና አይታ ማሳደጓ ነው።

5. «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ የግንባታ ወይም የማፍረስ ፈቃድ የሚወስድ ሁሉ በሥራው ስፋት ልክ የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል። ፍርስራሹን ማምረቻው ማስረከቡን በሚዛን ደረሰኝ ሲያረጋግጥ ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ካላስረከበ ይወረስበታል። አንዲት ክፍል የሚያድስ አነስተኛ ነዋሪ ከዚህ ነፃ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማምረቻው ከፌሮ፣ ከጠጠርና ከብሎኬት ሽያጭ ገቢ ያገኛል። ሦስተኛ፣ አስተዳደሩ ራሱ ትልቁ ግንበኛ ስለሆነ ለመንገድ ሥራው ከሚገዛው ጠጠር የተወሰነውን ድርሻ ከዚህ እንዲገዛ በደንብ ይገደዳል። ገዢ የሌለው ክሬሸር ዝጎ ይቀራልና፣ ይህ ሦስተኛው ነጥብ የሁሉም ማሰሪያ ነው።

«ልማቱን ታደናቅፋላችሁ» የሚሉንም ይኖራሉ። በሥርዓት ለማፍረስ ከአንድ ሌሊት ይልቅ ጥቂት ሳምንታት እንደሚያስፈልጉ አንክድም። ነገር ግን እነዚያ ሳምንታት ለባለቤቱ ጣሪያውን መንቀያ፣ ለሕዝቡ ንብረቱን መቁጠሪያ ናቸው። ከተማ የሚሠራው ለሰው ነውና ለነዋሪው ጥቂት ሳምንታት ማሰብ የልማት ጠላት አያሰኝም።

6. ቃል የምንገባው

ውድ መራጮች፤ ድምፃችሁን ብትሰጡንና በከተማው ምክር ቤት አብላጫ ብናገኝ የሚከተሉትን እንፈጽማለን።

ሀ) የግል ቤቱ የሚፈርስበት ሰው ንብረቱን ነቅሎ ለማንሳት የሚበቃ ጊዜ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው በደንብ እንደነግጋለን።

ለ) ከቀበሌና ከሌሎች የመንግሥት ቤቶች የሚወጣው ፍርስራሽ ተቆጥሮ እንዲመዘገብና ሽያጩ በግልጽ ጨረታ ብቻ እንዲሆን እናደርጋለን።

ሐ) በመጀመሪያው የሥራ ዓመት በነባር መድፊያዎች ሁሉ አጥር፣ ሚዛንና መዝገብ እንዲኖር፣ ቢያንስ በአንዱ ላይ ክሬሸር እንዲተከል በጀት እንመድባለን። ውጤቱ እየታየ ሥራው ሌሎቹን ክፍለ ከተሞች እንዲያዳርስ ይደረጋል።

መ) የገባው ቶን፣ የተመረተው ምርትና የተገኘው ገቢ በየሦስት ወሩ በ11ዱም ክፍለ ከተሞችና በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እናደርጋለን።

ሠ) በምክር ቤቱ አናሳ ብንሆንም ከላይ የዘረዘርናቸውን ጥያቄዎች በየስብሰባው ከማንሳት አንቦዝንም።

እስከ ምርጫው ዕለት ድረስ በየሰፈራችሁ ብዙ ዕጩዎች ይመጣሉ፤ የእኛም ይመጣሉ። ሁላችንንም አንድ ጥያቄ ጠይቁን። «በሰፈራችን የፈረሰው ቤት ድንጋይና ብረት የት ገባ? መዝገቡን ልታሳዩን ትችላላችሁ?» ሥልጣን ላይ ያለው መዝገብ ያሳያችሁ። እኛ ደግሞ መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ ከዚህ በላይ ጽፈን ሰጥተናችኋል፤ ብንመረጥ በዚሁ ወረቀት ጠይቁን።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ