መንገዱ ሳይዘጋ የተዘጋው ካፌ፦ የደን ብስክሌት መንገዶችን ወጪ ማን ይሸከም?

በሰሜን ዌልስ፣ ከዶልጌላይ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ኮይድ ኧ ብሬኒን ደን በብሪታንያ ለተራራ ብስክሌት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ማዕከል እንደሆነ ይነገርለታል። በዚህ ደን የሚገኘው የጎብኚዎች ካፌና ሱቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 31 ቀን 2025 (መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም) ተዘግቷል። ደኑን የሚያስተዳድረው የዌልስ የተፈጥሮ ሀብት ተቋም ለውሳኔው የሰጠው ምክንያት የበጀት እጥረት ነው። በዚያው ውሳኔ ቡልክ ናንት ኧር አሪያን እና ኢኒስላስ በተባሉ ሌሎች ሁለት ሥፍራዎች የሚገኙ የጎብኚ ማዕከላትም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። የብስክሌት መንገዶቹ፣ የመኪና ማቆሚያውና መጸዳጃ ቤቱ ግን ለሕዝብ ክፍት ሆነው እንደሚቀጥሉ ተቋሙ አስታውቋል።

ውሳኔው በአካባቢው ነዋሪ ዘንድ ብርቱ ቅሬታ አስነስቷል። ቅሬታው አንድ ስኒ ቡና የሚጠጣበት ቤት ስለታጣ ብቻ አልነበረም። ደኑ ለዓመታት ወደ አካባቢው እንግዳ ሲስብ ኖሯል፤ እንግዳውም በየመንደሩ አድሯል፣ በልቷል፣ ነዳጅ ቀድቷል፣ የተሰበረ ብስክሌቱን አስጠግኗል። ስለዚህ ጥያቄው ከአንድ ካፌ ይሰፋል፦ ጥቅሙ ለብዙዎች የሚከፋፈል፣ ወጪው ግን በአንድ ተቋም ትከሻ ላይ የሚያርፍ ሥራ እስከ መቼ ይዘልቃል?

እነዚህ ደኖች መጀመሪያ የተተከሉት ለመዝናኛ አልነበረም። የብሪታንያ መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የደረሰበትን የእንጨት እጥረት ተከትሎ በ1919 የደን ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑም በየኮረብታው ለጣውላና ለማዕድን ጉድጓድ ድጋፍ የሚሆኑ ዛፎችን በስፋት አስተከለ። ኮይድ ኧ ብሬኒንም በዚሁ መንገድ የለማ ደን ነው፤ ትርጉሙ «የንጉሥ ደን» የሆነውን ስሙን ያገኘው በ1935 የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን የንግሥና ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ ነበር። በ1990ዎቹ ዳቪዝ ዴቪስ የተባለ የደኑ ሠራተኛ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በዛፎቹ መካከል ድንጋይ እየነጠፈ ለብስክሌት ብቻ የሚያገለግሉ ጠባብ መንገዶችን መሥራት ጀመረ። ዛፍ ለመቁረጥ ብቻ ይታወቅ የነበረው ደን ከዚያ በኋላ የእንግዳ መዳረሻ ሆነ።

የእነዚህ ማዕከላት ዋነኛ መለያ መንገዶቹ በቀለም ደረጃ የወጣላቸው መሆኑ ነው። አረንጓዴው ሰፊና ደልዳላ በመሆኑ ለጀማሪና ልጆቹን ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ይስማማል። ሰማያዊው ጠበብ ይላል፤ መጠነኛ ዳገትና ትንንሽ መሰናክሎች አሉት። ቀዩ ብርቱ ዳገትና ቁልቁለት፣ ያፈጠጡ ድንጋዮች፣ የዛፍ ሥሮችና የደረጃ ዓይነት ዝቅታዎች ስላሉት ልምድና አቅም ይጠይቃል። ጥቁሩ ከፍተኛ ችሎታ ላላቸው ብቻ የተተወ ነው። መዝለያ ለበዛባቸው ልዩ ሥፍራዎች ደግሞ ብርቱካናማ ቀለም ተሰጥቷል። በመነሻው ላይ የቆመው ሰሌዳ ርዝመቱንና ደረጃውን ይናገራል፤ በየመገንጠያው የተተከሉት ምልክቶች ደግሞ ብስክሌተኛው ከመረጠው መስመር እንዳይወጣ ይመሩታል።

ደረጃው አደጋን ለመቀነስ ብቻ የወጣ አይደለም፤ የኢኮኖሚ ትርጉምም አለው። ቀይ መስመር ብቻ ያለው ደን ጎልማሳ ስፖርተኛን ይስባል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ የጨመረበት ግን እናትን፣ አባትንና ልጆችን በአንድ መኪና ያመጣል። በኮይድ ኧ ብሬኒን «ማይነቶር» የተባለው ሰማያዊ መስመር አካል ጉዳተኞች በእጅ በሚነዱ ብስክሌቶች ጭምር እንዲጠቀሙበት ተደርጎ የተሠራ ነው።

መንገዱ እንዴት እንደሚሠራ ላየ፣ እርከን የሠራ ገበሬ ሥራውን ሳይነግሩት ይረዳዋል። ዋናው ጠላት ውኃ ነው። መንገድ ተዳፋቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ከወረደ ጎርፍ ይሄድበትና በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ስለሆነም ባለሙያዎች መንገዱን ኮረብታውን አግድም እየቆረጡ ያወጡታል። የመንገዱ ቁልቁለት ከኮረብታው ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ በአማካይም ከመቶ ዐሥር እጅ በታች ቢሆን ይመረጣል የሚሉ መመሪያዎች በዓለም ዙሪያ ይሠራባቸዋል። የውጭው ጠርዝ ጥቂት ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ በየመሐሉም መንገዱ ጥቂት ወጣ ብሎ እንደገና እንዲወርድ ይሠራል። ውኃው ጉልበት ሳያገኝ ወደ ጎን የሚፈስሰው በዚህ መላ ነው። አፈሩ ለስላሳ በሆነበት ቦታ ደግሞ ድንጋይ ይነጠፋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መንገዱ ዓመታዊ እንክብካቤ ይፈልጋል። በቁልቁለት ፍሬን የሚይዝ ጎማ መሬቱን ይፍቃል፣ ቦዩ በቅጠል ይደፈናል፣ የእንጨት ድልድይ ይበሰብሳል፣ ንፋስ የጣለው ዛፍ መንገድ ይዘጋል። መስመሩን የሠራው አካል ጎብኚው እንዳይጎዳ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ሕጋዊ ኃላፊነትም አለበትና ቁጥጥሩን ሊተወው አይችልም። መግቢያው ግን በነጻ ነው፤ ብስክሌተኛው በአብዛኛው የሚከፍለው ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። ካፌና ሱቅ ትርጉም የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው፤ ከነጻው መንገድ ጥቂት ገቢ መመለሻ ሆነው ይታሰባሉ። የራሳቸው ወጪ ከገቢያቸው ሲበልጥ ግን የበጀት መቀነሻ እጅ ቀድሞ የሚያርፍባቸው እነርሱ ናቸው።

የዚህ ሥራ ጥቅም ጎልቶ የታየው በደቡብ ስኮትላንድ ነው። በ2001 መጀመሪያ በብሪታንያ የተቀሰቀሰው፣ ገበሬያችን «ማዝ» እያለ የሚጠራው የአፍና እግር በሽታ ከ2 ሺህ በሚበልጡ ሥፍራዎች ተረጋግጦ ነበር። ሥርጭቱን ለመግታት ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። በስኮትላንድ ክፉኛ የተመታው የደምፍሪስና ጋሎዌይ አካባቢ ነበር። የገጠር የእግር መንገዶች ለሕዝብ በመዘጋታቸው ጉዳቱ ከበረት አልፎ እንግዳ ተቀብለው ወደሚያድሩ ቤቶችና ወደ ምግብ ቤቶች ተሻገረ። በግና ከብት ያልነበረው ባለሱቅም ከገበሬው ጋር አብሮ ከሰረ።

ከዚያ ጥፋት ማግስት የደን ኮሚሽኑና አጋሮቹ፣ የአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ታክሎበት፣ በደቡብ ስኮትላንድ ደኖች «ሰቨን ስቴንስ» የተሰኘ የብስክሌት ማዕከላት ሰንሰለት ዘረጉ። በስኮትላንዶች አነጋገር «ስቴን» ድንጋይ ማለት ነው፤ በየማዕከሉም አንድ የተቀረጸ ድንጋይ ቆሟል። ከማዕከላቱ አንዱ የሆነው የግሌንትረስ ደን በኦገስት 2023 የዓለም ብስክሌት ሻምፒዮናን የተራራ ውድድር እስከ ማስተናገድ ደርሷል። በበሽታ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶበት የነበረው የአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ መንገዱን ለዓለም አሳየ።

ይሁን እንጂ ደኑ ዛሬም የእንጨት ማምረቻ ነው። ላርች የተባለውን ዛፍ የሚያደርቅ ተላላፊ በሽታ በዌልስም በስኮትላንድም በመስፋፋቱ የታመሙ ዛፎች በስፋት ይቆረጣሉ። በኖቬምበር 2021 የነፈሰው «አርወን» የተባለው አውሎ ነፋስም በደቡብ ስኮትላንድ እጅግ ብዙ ዛፍ ጥሏል። ዛፍ በሚቆረጥበትና በሚነሣበት ጊዜ በአቅራቢያው ያለው የብስክሌት መስመር ይዘጋል ወይም አቅጣጫ ይቀይራል። በእንግዳው ላይ ብቻ ተስፋ የጣለ ባለሆቴል በዚያ ወቅት ገበያው ይቀዘቅዛል።

ከሁለቱ አገሮች ልምድ የሚታየው አንድ ነገር ነው። የመንገዱ ጥቅም የሚታፈሰው ከደኑ ውጭ ነው፤ አልጋ ባከራየው፣ ምሳ ባቀረበው፣ ብስክሌት በጠገነው እጅ ይገባል። የጥገናው ዕዳ ግን ደኑ ውስጥ ይቀራል። ተጠቃሚውና ከፋዩ ካልተገናኙ፣ ሥራው ውጤታማ በሆነበት አካባቢ እንኳ አንድ የበጀት ዓመት ሊያናጋው ይችላል። ለግንባታ የተገኘ የእርዳታ ገንዘብም ለጥገና ካልታሰበለት ሸክሙን ለመጪዎቹ ዓመታት ያሻግራል።

በኮይድ ኧ ብሬኒን ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ክፍተት ራሳቸው ለመሙላት ተነሥተዋል። በማኅበር ተደራጅተው ማዕከሉን ተረክበው ለማስተዳደር ጥያቄ አቅርበዋል፤ ተቋሙም ሥፍራዎቹን አብረውት የሚያስተዳድሩ አጋሮችን እንደሚፈልግ ገልጿል። ሆኖም ርክክቡ የካፌውን ቁልፍ በመቀበል ብቻ የሚያልቅ አይሆንም። ከካፌው ትርፍ ምን ያህሉ ወደ ድንጋዩ ንጣፍና ወደ ቦዩ ጠረጋ እንደሚመለስ፣ ዛፍ ሲቆረጥ የሚደርሰውን የገቢ መቋረጥ ማን እንደሚሸፍን፣ ብስክሌተኛ ሲጎዳ ተጠያቂው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ በውል መስፈር ይኖርበታል።