ድራማው ቢቸና ይገባል፣ የቢቸና ሰው አስተያየት ግን አይወጣም

አንድ የድራማ ክፍል ማታ በቲቪ ይታያል። ብዙም ሳይቆይ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። በነጋታው ፌስቡክና ቲክቶክ በቁርጥራጭ ክሊፕ ይሞላል። ከዚያ «ተመልካቹ ተቆጣ»፣ «ሕዝቡ አለቀሰ»፣ «ሁሉም እንዲህ አለ» የሚል ፖስት ይከተላል።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ይሄ «ሕዝቡ» የተባለው ማነው?

ዳታ ያለው ሰው ነው። ኮሜንት የጻፈ፣ ላይክ ያደረገ፣ ክሊፕ ቆርጦ የለጠፈ ሰው። እኛ ሀገር «ይህን ድራማ በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ቤት አየው» ብሎ በየጊዜው ለሕዝብ የሚወጣ የታወቀ ልኬት የለም። ስለዚህ ደራሲውም፣ ፕሮዲውሰሩም፣ ስፖንሰሩም ዞሮ ዞሮ የሚያዩት ያንኑ የዩቲዩብ ቁጥርና ኮሜንት ነው።

አሁን ምሥራቅ ጎጃምን አስቡ። ቢቸናን፣ ሞጣን።

በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። የሞባይል ኢንተርኔትም በዚያው ሰሞን ተቋረጠ። በክልሉ ትልልቅ ከተሞች እንኳ ተመልሶ እስኪመጣ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ዲሹ ግን ከጣሪያ አልወረደም። ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የዞሩ ጊዜ ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ፍለጋ የተንከራተተ ያውቀዋል፤ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ዲሽ ወርሃዊ ክፍያም ዳታም አይጠይቅም። መብራት ካለ ሥዕሉ ይመጣል።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ምስሉ ይገባል፣ መልሱ አይወጣም።

📌 አንድ ቪው፣ መቶ ተመልካች

ዳታ በሌለበት ከተማ ሰው ድራማ ማየት አያቆምም፣ መንገዱን ይቀይራል። አንዱ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ሦስት አራት ክፍል ያወርዳል። ፍላሽ ላይ ይገለብጣል። ሚሞሪ የሚጭን ሱቅ ይደርሳል። ከሱቁ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል። ያንን ክፍል መቶ ሰው ቢያየው ዩቲዩብ የሚያውቀው አንድ ቪው ብቻ ነው። ሌላው ዘጠና ዘጠኝ ሰው ስቋል፣ ተናዷል፣ «ኧረ ይቺ ልጅ ምን ነካት!» ብሏል፤ በቁጥር ግን የለም።

ሌላም ነገር አለ። ዩቲዩብ ለቪዲዮ ባለቤት የሚከፍለው ማስታወቂያው በየትኛው ሀገር እንደታየ እያየ ነው። አሜሪካ የታየ ቪው ኢትዮጵያ ከታየው የበለጠ ገንዘብ ያመጣል። ኮሜንቶቹን ብታነቡም «ከጅዳ ነው የማየው»፣ «ከዱባይ»፣ «ከዲሲ» የሚል ይበዛል። በስደት ያሉ እህት ወንድሞቻችን ማየታቸውም መጻፋቸውም ደስ የሚል ነገር ነው። ግን የአስተያየቱ ሚዛን በማን በኩል እንደሚደፋ ልብ በሉ። ጅዳ ያለችው የሞጣ ልጅ ትሰማለች፣ ሞጣ ያሉት እናቷ አይሰሙም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኢቲቪ ላይ «ሰው ለሰው» ይታይ በነበረበት ጊዜ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የሚባለው ክፉ ሰውዬ በየታክሲው፣ በየቡና ቤቱ፣ በየቢሮው ይወራበት ነበር። አብዛኛው ሰው ስማርት ስልክ ስላልነበረው አስተያየቱ መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባም ቢቸናም አስተያየት የሚሰጠው በአፉ ነው። ያኔ ቢያንስ ሁሉም እኩል አልተቆጠረም ነበር! ዛሬ ግማሹ ተቆጥሮ ግማሹ ቀረ። የቀረው ደግሞ ዝም ያለ መሰለ።

📌 ዲማን ለዲማ ሰው

ይሄ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በተከታታይ ድራማ ተሠርቶ በኢቲቪ መታየት ጀመረ። ሶሻል ሚዲያው ተጨቃጨቀ። ሰብለን እንዲህ አልጠበቅኳትም ያለ አለ፣ ጉዱ ካሳ ተመችቶኛል ያለ አለ። እዚህ ድራማውን ልገመግም አልመጣሁም። የኔ ነገር ሌላ ነው።

መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ ለትምህርት የሚሄደው ዲማ ነው። ፊታውራሪ መሸሻም ሰብለም ጉዱ ካሳም ያሉት ዲማ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ የተፈጠረ ቦታ አይደለም። ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ፣ እነማይ ወረዳ ውስጥ ያለ የቅኔና የመጻሕፍት አገር ነው። ሐዲስ ራሳቸው በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሀገሪቱ በሙሉ ስለ ዲማ ድራማ ኮሜንት ሲጽፍ፣ የዲማ ጎረቤቶች ኮሜንት የሚጽፉበት ኔትወርክ አስተማማኝ አልነበረም።

እነሱ ግን ሌላው ተመልካች የማያየውን ያያሉ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃሉ። ተማሪ መምሪው ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ ቅኔ ሲቆጠር ማን ቀድሞ እንደሚናገር ያውቃሉ። ገበሬ ባላባት ፊት ሲቀርብ ነጠላውን እንዴት እንደሚያደርግ አያታቸው ሲያደርጉ አይተዋል። አዲስ አበባ ያለ ተመልካች «ልብሱ ያምራል» ይላል። ቢቸና ያለው ደግሞ «ይሄ አለባበስ የሐዘን ነው፣ የሰርግ አይደለም» ማለት ይችላል። ሁለቱም ተራ አስተያየት ነው፣ ሶፋ ላይ ወይ መደብ ላይ ተቀምጦ የሚወረወር። አንደኛው ግን ለሚቀጥለው ክፍል የሚጠቅም እውቀት አለው።

ቋንቋውም እንደዚያው። ብዙ ድራማችን «ሄጄ መጣሁ» ይላል። ጎጃም «ሂጀ መጣሁ» ይባላል። ሽማግሌ «አንቱ» ተብለው ይከበራሉ፤ ከተማ ውስጥ ያደገ ወጣት ጆሮ ላይ ግን «አንቱ» የቆየ ነገር ይመስላል። ተዋናዩ ሁለቱን ሲቀላቅል አዲስ አበባ ማንም አያስተውልም። ሞጣ ያለ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ይስቃል።

የድምፅ ነገር ከተነሣ አንድ ሰው መዝለል አይቻልም፦ ወጋየሁ ንጋቱ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከው እሱ ነው። ማንበብ የማይችል ባላገር ሳይቀር መጽሐፉን በወጋየሁ ድምፅ ያውቀዋል። የዛሬ እናትና አባቶቻችን ድራማውን ሲያዩ ተዋንያኑን ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አያወዳድሩም፣ ጆሯቸው ላይ ከቀረው ድምፅ ጋር ነው። «ፊታውራሪ እንዲህ አይናገሩም» ካሉ፣ የሚናገሩትን ለዓመታት ሰምተዋቸዋል ማለት ነው።

📌 «ይበለው!» የምትለዋ ቃል

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ልቦለዱ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮች በአበጀ በለው እየተመሩ እምቢ የሚሉበት ቦታ አለ። ለብዙው ወጣት ተመልካች ይሄ አክሽን ነው። ፊታውራሪ ተዋረዱ፣ ደስ ይላል፣ ክሊፑ ይለጠፋል፣ አለቀ።

ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ግን ይሄ ክፍል የቤተሰብ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ተነሣ። አመፁ ከበረታባቸው አውራጃዎች ውስጥ ሞጣና ቢቸና ነበሩ። ገበሬው መሬት ለካን፣ ርስታችንን ሊነኩ ነው ብሎ ሰጋ። መንግሥት ጦር ላከ። በመጨረሻ ግን ግብሩን ማስከፈል አቅቶት ወደኋላ አለ፤ የጎጃም ጠቅላይ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም ከቦታቸው ተነሡ።

በ1960 አሥራ አምስት ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ሰባ አልፎታል። ቲቪ ፊት ተቀምጦ የአበጀ በለውን ክፍል ሲያይ «ይበለው!» ቢል፣ ይቺ አንዲት ቃል ተራ የተመልካች ስሜት አይደለችም። ግብርም፣ መሬትም፣ ጦርም፣ የሞተ ዘመድም አለባት። ያቺን ቃል አጠገቡ ያለ የልጅ ልጁ ብቻ ይሰማታል። የልጅ ልጁ ደግሞ ስልክ አለው፣ ዳታ የለውም።

ደግሞም ይሄ ክፍል የታየው አካባቢው ሰላም ባጣበት ሰዓት ነው። ቀን የተኩስ ድምፅ የሰማ ቤተሰብ ማታ ድራማ ላይ ጠብመንጃ ሲተኮስ የሚያይበት ዓይንና፣ ቦሌ ካፌ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰው ዓይን አንድ አይደለም። አንዱ «እንዴት ያምራል አቀራረፁ» ሊል ይችላል። ሌላው ቻናል ሊቀይር ይችላል። ቻናል መቀየርም አስተያየት ነው። ዩቲዩብ ላይ ግን አይታይም።

📌 ታዲያ ምን ይጎዳል?

«ድራማ ነው፣ ምን አካበድከው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ድራማ ነው። ግን ሦስት ነገር ይበላሻል።

1. ገንዘቡ ኮሜንት ወዳለበት ይሄዳል። ስፖንሰር የሚያየው ቁጥር የከተማና የውጭ ተመልካች ቁጥር ከሆነ፣ የሚቀጥለውም ድራማ ያው ቪላ፣ ያው ሶፋ፣ ያው ውድ መኪና ይሆናል። የገጠር ታሪክ ተመልካች የለውም የሚለውን ወሬ «እረኛዬ» አፍርሶታል። በአርትስ ቲቪ የታየው፣ በአዜብ ወርቁ፣ በቅድስት ይልማና በቤዛ ኃይሉ የተጻፈው ይሄ ድራማ የገጠሯን እናና በየቤታችን አስገብቷል። ይሄ የሆነው ግን የገጠሩ ሰው ተቆጥሮ አይደለም፤ ከተሜውም ስለወደደው ነው። ከተሜው ባይወደውስ? የሚከራከርለት ማን ነበር?

2. ገጠሬው መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። አነጋገሩን የሚያርም ተመልካች ካልተሰማ፣ «ጎጃሜ» ማለት ዘበኛ ሆኖ ገብቶ በአነጋገሩ የሚያስቅ ሰውዬ ብቻ ይሆናል። በቀልዱ አዲስ አበባ ሲስቅ ይሰማል። ቢቸና ፊቱን ሲያዞር አይሰማም።

3. ዝምታ እንደ መስማማት ይቆጠራል። ይሄ ከድራማም ያልፋል። «ሕዝቡ ተናግሯል» የሚለውን አነጋገር በድራማ ከለመድነው፣ በዜናም፣ በምርጫም፣ በሌላውም እንዲሁ እንቀበለዋለን። ኔትወርክ የጠፋበት አካባቢ ሐሳብ የጠፋበት ይመስለናል።

📌 ምን ይደረግ?

ከባድ ነገር አይደለም። አጭር የጽሑፍ መልእክት ያለ ዳታ ይሄዳል። ቲቪ ጣቢያዎቻችን ለሎተሪና ለተሰጥኦ ውድድር የኤስኤምኤስ ቁጥር ማውጣት ያውቁበታል። ከድራማው መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ቢያወጡና «ከየት ነው የሚያዩን? ምን አሉ?» ቢሉ ምን ይጎድላቸዋል? የስልክ መስመር ባለበት ደግሞ የሬዲዮ ጣቢያዎች ማታ አንድ ሰዓት ለተመልካች ቢከፍቱ፣ ከአንድ ሺህ ኮሜንት የሚበልጥ ነገር ይሰማሉ። ሰም ለበስ ነገር የለመደ የጎጃም ሽማግሌ ድራማ ሲተች የሰማ ያውቀዋል፤ ሁለት ቃል ይበቃዋል፣ ሁለተኛው ትርጉም ማታ ተኝታችሁ ነው የሚገባችሁ።

እናንተም የምታደርጉት አለ። ለበዓል ወይ ለእረፍት ወደ ሞጣ፣ ወደ ቢቸና፣ ወደ ደጀን፣ ወደ የትም የምትሄዱ ልጆች፣ ቲቪ ሲከፈት ስልካችሁ ላይ ከምታቀረቅሩ ቤተሰቡን ስሙ። ፈቃዳቸውን ጠይቁና የአያቶቻችሁን ድምፅ ቅረፁ። «ይሄ ሰውዬ ውሸታም ነው፣ ገና ከአካሄዱ ያስታውቃል» ሲሉ ያዙት። ዳታ ያገኛችሁ ቀን ለጥፉት። ድራማ ሠሪዎቹ ያንን ቢሰሙ ይጠቀማሉ።

እስከዚያው ግን «ተመልካቹ እንዲህ አለ» የሚል ርዕስ ስታዩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የትኛው ተመልካች?

👇 እናንተ ጋ ድራማ ሲታይ ቤተሰብ ምን ይላል? ከየት እንደሆናችሁ ጽፋችሁ አካፍሉን። ኔትወርክ ለሌለው ዘመድ ደግሞ ዛሬ ደውላችሁ «ትናንት ያየኸው እንዴት ነበር?» በሉት።