ትልቅ ሞተር፣ አሮጌ ፍሬን

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1964 የፎርድ ኩባንያ ሙስታንግ የተሰኘችውን አውቶሞቢል በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አቀረበ። መኪናዋ አብዛኛውን አካሏን የወረሰችው ፋልከን ከምትባለው የዚያው ኩባንያ አነስተኛ አውቶሞቢል ስለነበር ዋጋዋ የብዙዎችን አቅም ያገናዘበ ነበር። በርካታ ገዢዎችም ባለስድስት ሲሊንደሩን ቆጣቢ ሞተር መርጠው ወሰዷት። ዛሬ፣ ከስድስት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በአሜሪካ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች ከሚወዷቸው ሥራዎች አንዱ ያንን ሞተር አውጥቶ በምትኩ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር መትከል ነው።

ይህን ልማድ በፊዚክስ ሚዛን ብንመዝነው ለተማሪ የሚጠቅም ትምህርት ይገኝበታል ብለን እናምናለን። አቋማችንንም ከወዲሁ እንግለጽ። ሞተር መቀየሩ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ፍሬኑን እንደነበረ ትቶ ሞተሩን ያሳደገ ሰው ሥራውን ከመጨረሻው ጀምሮታል።

የኃይል ስሌት

የ1965 ሞዴል ሙስታንግ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር 3.3 ሊትር ይዘትና 120 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከባለስምንቶቹ አንዱ፣ 4.7 ሊትር የሚይዘውና ባለአራት ጉሮሮ ካርቡሬተር የተገጠመለት፣ 225 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ተመዝግቧል። በጊዜው እነዚህ አሃዞች የሚለኩት ሞተሩ ከመኪናው ተነጥሎ፣ ኃይል የሚሻሙት ተጓዳኝ መሣሪያዎች ሳይገጠሙለት ነበር። የአሜሪካ አምራቾች የተጣራውን ኃይል መግለጽ የለመዱት ከ1972 ሞዴል ወዲህ ነው። ስለዚህ ከ1972 በፊት የተጻፈን አሃዝ ከዛሬ መኪና አሃዝ ጋር ማነጻጸር ስህተት ላይ ይጥላል፤ የመለኪያው ዘዴ ያልተገለጸ ቁጥር ገና ልኬት አልሆነምና። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ሞተሮች ግን በአንድ ዘዴ የተለኩ በመሆናቸው ጥምርታቸውን መውሰድ እንችላለን። ጥምርታው 1.88 ያህል ነው።

ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ሲጠጋ ፍጥነትስ ምን ያህል ያድጋል? በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ መኪና ዋነኛ ባላጋራ አየር ነው። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ኃይል ደግሞ ተቃውሞው በፍጥነት ሲባዛ የሚገኝ በመሆኑ ከፍጥነት ኩብ ጋር ያድጋል። ፍጥነትን በእጥፍ ለመጨመር ስምንት እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል ማለት ነው። የ1.88 ኩብ ሩት 1.23 ገደማ ነው። ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ፣ ያ ሁሉ ድካም በመኪናዋ ከፍተኛ ፍጥነት ላይ የሚጨምረው 23 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባለቤቱ በግልጽ የሚሰማው ለውጥ ወደዚያ ፍጥነት የሚደርስበት ጊዜ ማጠሩ ነው።

የፍሬን ስሌት

አሁን ወደ ሌላው የሚዛን ሰሃን እንሻገር። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነት በ23 በመቶ ሲጨምር ኢነርጂው በ52 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህን ጭማሪ የሚሸከመው ፍሬን ነው። 1,300 ኪሎግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎሜትር ስትበር ወደ 500,000 ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ትይዛለች፤ በሰዓት 150 ኪሎሜትር ስትበር ደግሞ ከ1,100,000 ጁል በላይ። መኪናዋ በፍሬን ስትቆም ይህ ኢነርጂ በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ለስሌት እንዲመቸን የአራቱም ጎማዎች የፍሬን ታምቡሮች በድምሩ 24 ኪሎግራም ብረት ናቸው እንበል፤ ሙቀቱም በሙሉ እዚያው ቀረ እንበል። ከ100 ኪሎሜትር ፍጥነት መቆም ታምቡሮቹን በ46 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ያሞቃል። ከ150 መቆም ግን ከ100 ዲግሪ በላይ። ሳይቀዘቅዝ ሁለቴና ሦስቴ ሲደጋገም፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከፍሬን ሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ አቅሙን እያጣ ይሄዳል። ነጂው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጥም መኪናዋ እንደተጠበቀው አትታዘዝም።

የፋብሪካው ምስክርነት

ይህን ከእኛ አስቀድሞ የተረዳው ራሱ ፋብሪካው ነው። ባለስድስት ሲሊንደሯ ሙስታንግ እያንዳንዱ ጎማዋ በአራት ብሎን የሚታሰር ሲሆን፣ ባለስምንቷ ግን በአምስት ነበር። የባለስድስቷ ታምቡር 9 ኢንች፣ የባለስምንቷ 10 ኢንች ስፋት ነበረው። ዲፈረንሻሉም ቢሆን ለባለስምንቷ የጠነከረ ተደርጎ ተሠርቷል፤ የሞተሩ ቶርክ ከ258 ወደ 414 ኒውተን ሜትር ሲያድግ ደካማው ዲፈረንሻል አይችለውምና። መሐንዲሶቹ ትልቁን ሞተር ሲመርጡ መኪናዋን ከሥር ጀምሮ ለውጠዋታል። ጋራዥ ውስጥ ሞተሩን ብቻ የሚለውጥ ሰው እነርሱ አስልተው የጨረሱትን ስሌት በግማሽ ይቆርጠዋል።

ሌላም አለ። የ1965ና የ1966 ሙስታንጎች የፍሬን ዘይት ለአራቱም ጎማዎች በአንድ መስመር የሚተላለፍ ስለነበር፣ አንድ ቱቦ ቢበሳ አራቱም ፍሬኖች በአንድ ጊዜ ይከዳሉ። በ1967 ሞዴል ላይ መስመሩ ለሁለት ተከፈለ።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለቀስታ ጉዞ 120 የፈረስ ጉልበት ከበቂ በላይ ነበር፤ ትልቁ ሞተር የተገዛው ለቀስታ እንዳልሆነ ባለቤቱ ልቡ ያውቀዋል። መኪናዋ ነገ ስትሸጥ አዲሱ ገዢ የሚሰማው የሞተሩን ድምፅ እንጂ የታምቡሩን ስፋት አይደለም። መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛ ደግሞ በዚህ ውሳኔ ላይ ድምፁን አልተጠየቀም።

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ሊሆን ይገባል እንላለን፤ መጀመሪያ ፍሬንና ባለሁለት መስመር የፍሬን ዘይት፣ ቀጥሎ ዲፈረንሻልና ጎማ፣ ከዚያ የሞተሩን ሙቀት የሚችል ራዲያተር፣ በመጨረሻ ሞተር። አበው መጥኖ መደቆስ የሚሉት ይህንኑ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በምትሠማሩበት ሙያ ሁሉ አንዱን ቁጥር አሳድጉ የሚል ጥያቄ ይቀርብላችኋል፤ ያን ጊዜ እርሳሱን ከማንሳታችሁ በፊት ከዚያ ቁጥር ጋር አብሮ የሚያድገው ሌላው ምን እንደሆነ፣ እርሱንም ማን እንደሚሸከመው ጠይቁ።