ቁልፉ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ማሽን

ከሀቢቾ ተነስቶ ጉዳይ ለማስፈጸም ሆሳዕና የሚገባ ሰው ቢሮ ከመድረሱ በፊት አንድ ቦታ ይቆማል፦ ኮፒ ቤት። መታወቂያው፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ የሪፈር ወረቀቱ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጁ የላከው የፓስፖርት ገጽ፣ ሁሉም በዚያ መስታወት ላይ ይተኛሉ። ቢሮ ሲገባ ደግሞ ያው ወረቀት በሌላ ማሽን ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። በዚህ ሁሉ መንገድ ሰው የሚጠረጥረው ደላላውንና ጉዳይ ገዳዩን ነው። ማሽኑን የሚጠረጥር የለም። ማሽኑማ ዕቃ ነው!

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኔትወርክ ላይ የተሰካ ፕሪንተር ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር አለው፣ ሜሞሪ አለው፣ ትልልቆቹ ሃርድ ዲስክም አላቸው። የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ፈርምዌር የሚባለው፣ ከፋብሪካ ተጽፎበት የሚመጣ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌር ደግሞ ክፍተት አያጣም። ለዴስክቶፑ ፀረ ቫይረስ የሚጭን ቢሮ፣ ጎኑ ለተቀመጠው ለዚህ ኮምፒውተር ከቶነር በቀር የሚያስብለት ነገር የለም።

ወሬ ብቻ እንዳይሆን ማስረጃው እነሆ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ራፒድ ሰቨን የተባለ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ በፕሪንተሮች ላይ ያገኛቸውን ስምንት ክፍተቶች ይፋ አደረገ። ክፍተቶቹ በአምስት አምራቾች 748 ሞዴሎች ላይ ይገኛሉ፤ ሁሉም ሞዴል ስምንቱንም ባይሸከምም። ከእነዚህ 689ኙ የብራዘር ሲሆኑ የቀሩት የፉጂፊልም፣ የሪኮ፣ የቶሺባና የኮኒካ ሚኖልታ ናቸው።

ከስምንቱ የከፋው ሲቪኢ-2024-51978 ተብሎ ተመዝግቧል። ሲነገር ቀልድ ይመስላል። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ይዞ ይወጣል፤ ያ ፓስወርድ ግን ከማሽኑ ሲሪያል ቁጥር በቀመር የተሠራ ነው። ቀመሩን ያወቀ ሰው ቁጥሩን ካገኘ ፓስወርዱን አገኘ ማለት ነው። ቁጥሩስ የት ይገኛል? በሌላኛው ክፍተት በኩል ማሽኑ ራሱ፣ ማንነቱን ሳይጠይቅ፣ በኔትወርክ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። እሱ ባይሆን ጀርባው ላይ ተለጥፏል። መንግሥት ቤት ከሆነ ደግሞ ሞዴል 19 ተቆርጦለት ሲገባ ንብረት ክፍል ቁጥሩን በጥንቃቄ መዝግቦታል። በሩን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መስቀል ማለት ይህ ነው።

ብራዘር ሰባቱን ክፍተቶች በአዲስ ፈርምዌር ደፈነ። ይህን አንዱን ግን በፈርምዌር ሙሉ በሙሉ ማስተካከል እንደማይቻል ገልጾ፣ የአመራረት ሂደቱን ነው የቀየረው። ይህ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ለሚመረተው ማሽን ነው። ቀድሞ ለተሸጠው ያለው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፦ ባለቤቱ ፓስወርዱን ይቀይር።

ባለቤቱ ማን ነው? ግዥ ክፍል ገዝቶ አስረክቧል። ንብረት ክፍል መዝግቧል። የአይሲቲ ባለሙያው «ይሠራል» ብሎ ፈርሟል። ጸሐፊዋ ወረቀት ትሞላለች። ፊርማው ብዙ ነው፣ ባለቤት ግን የለም። ማሽኑ ሲበላሽ ሁሉም ይጮሃል፤ ሲበረበር ግን ድምፅ ስለማያሰማ ማንም አይሰማም።

«ታዲያ ፕሪንተር ቢበረበር ምን ይወሰዳል?» የሚል ይኖራል። ስካን የተደረገውን ፋይል ወደ ኢሜይል ወይም ወደ ቢሮው ሰርቨር እንዲልክ የተደረገ ፕሪንተር የዚያን ኢሜይል ወይም ሰርቨር ፓስወርድ በሆዱ ይዟል። ከስምንቱ ክፍተቶች አንዱ፣ አስተዳዳሪ ሆኖ የገባ ሰው ይህንኑ ፓስወርድ እንዲያወጣ የሚያስችል ነው። ስለዚህ የሚወሰደው ወረቀት ብቻ አይደለም። የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ካርድና የደመወዝ ዝርዝር የተቀመጠበት ቤት ቁልፍም ሊወሰድ ይችላል።

ኮፒ ቤቶችንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ኤፍ ሴኪዩር የተባለው ኩባንያ ከ150 በላይ በሚሆኑ የኤችፒ ሞዴሎች ላይ ያገኘውን ክፍተት አሳወቀ። ክፍተቱ ቢያንስ ከ2013 ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ተንኮል ያለበት ፋይል እንዲታተም በማድረግ ብቻ ማሽኑን መቆጣጠር ያስችላል። ኤችፒ ማስተካከያውን አውጥቷል። ነገር ግን ኮፒ ቤት ማለት ቀኑን ሙሉ የማያውቁትን ሰው ፍላሽ ሰክቶ ማተም አይደለም እንዴ? ማስተካከያውን ያልጫነ ኮፒ ቤት ክፍተቱን እስከ ዛሬ ይዞት ይኖራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማመካኛ የታወቀ ነው፦ «ሆሳዕናን፣ ዱራሜን፣ ሀቢቾን ማን ብሎ ነው የሚሰብራት?» የሚፈልገው ፕሮግራም ግን ከተማ አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አንድ ሰው ፖርት 9100 የተከፈተላቸውን ፕሪንተሮች ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ ፒውዳይፓይ የተባለውን ዩቲዩበር እንዲከተሉ የሚጠይቅ ወረቀት አሳተመባቸው። ራሱ እንደተናገረው ወደ 50,000 ማሽኖች ነበሩ። ባለቤቶቹ ማን እንደሆኑ አላወቀም፤ ማወቅም አላስፈለገውም። ቀልደኛ ስለነበር ወረቀት ብቻ አባከነ። ሌባ ቢሆን ምንም ባላተመ ነበር።

አሁን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ፈርምዌር አላዘምንም የሚለው ሰው ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ተቃጥሎ የተማረም አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2016 በብዙ አገሮች የኤችፒ ኦፊስጄት ፕሪንተሮች የሌላ አምራች ካርትሪጅ አንቀበልም አሉ። ያገዳቸው በፈርምዌር በኩል የገባ አሠራር ነበር፤ ስሙም «ዳይናሚክ ሴኪዩሪቲ» ይባላል። ደህንነት ተብሎ የመጣው ነገር የጠበቀው የኩባንያውን ገበያ ነበር። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን በታኅሣሥ 2020 ኤችፒን ከዚሁ የካርትሪጅ እገዳ ጋር በተያያዘ 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ኩባንያው በበኩሉ ባዕድ ካርትሪጅ ቫይረስ ሊያስገባ ይችላል ብሎ ይከራከራል።

በኦሪጅናል ቶነር ዋጋ መኖር የማይችል ኮፒ ቤት ቀለም ያስሞላል። «አፕዴት ካደረግክ የተሞላው ቀለም አይሠራም» ሲባል አፕዴቱን ቢዘጋው ማን ይፈርድበታል? መድኃኒትን ከመርዝ ጋር በአንድ ጠርሙስ የሸጠ አምራች፣ ሕዝቡ መድኃኒት አልጠጣም ሲል ሊገረም አይገባውም። የደህንነት ማስተካከያ ከቀለም እገዳ ተለይቶ መምጣት አለበት። ይህን ደግሞ አንድ ኮፒ ቤት ብቻውን አይጠይቅም፤ በብዛት የሚገዙት የመንግሥት ቢሮዎች ግን በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ሊጽፉት ይችላሉ። ቴክኒካል ስፔሲፊኬሽን ላይ የገጽ ፍጥነት የሚጽፍ እጅ «አምራቹ ለስንት ዓመት የደህንነት ማስተካከያ ይሰጣል?» የሚል አንድ መስመር መጨመር አያቅተውም።

ሆኖም የአምራቹ ጥፋት የቢሮውን ጥፋት አያጥበውም። ፓስወርድ መቀየር ቀለም አያግድም፣ ብርም አያስወጣም። በቢሮው ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ ጽፎ መግባት፣ የፋብሪካውን ፓስወርድ በራስ ፓስወርድ መተካት፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለእንግዳና ለደንበኛ የሚሰጠውን ዋይፋይ ፕሪንተሩ ካለበት መለየት፣ ራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ የተከፈተ የውጭ በር ካለ መዝጋት፣ ማሽኑ ለጥገና ሲወጣ ወይም ሲሸጥ ሃርድ ዲስኩን ማጥፋት፣ እነዚህም በጀት አይጠይቁም። ፈርምዌሩን ደግሞ ምን እንደሚቀይር አንብቦ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዶ፣ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት መጫን ነው፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ጨርሶ ሊበላሽ ይችላልና።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አዋጁ ሰርቨር ክፍል በር ላይ የሚቆም አይደለም። ኮሪደር ላይ የተቀመጠውን፣ ማንም እያለፈ የሚደገፍበትን ማሽንም ይነካል።

ሆሳዕና የክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች፤ ቢሮውም ወረቀቱም አብሮ በዝቷል። ከሀቢቾ የመጣው ሰው የይዞታ ደብተሩን መስታወቱ ላይ ሲያስቀምጥ አምኖ ነው። ስለ ፈርምዌር የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ ግዴታው የማሽኑ ባለቤት ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ቢጮህ አይጠቅምም። ነገ ጠዋት ቢሮ የሚገባ ኃላፊ ስብሰባ ከመጥራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «የዚህ ፕሪንተር ፓስወርድ ማን ዘንድ ነው?» መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ ፓስወርዱ ያለው ማሽኑ ጀርባ ላይ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል። ለሚመለከተው ሁሉ ይድረስ።