የኋላ ቸርኬ ይቅደም

የእህቴ ልጅ ጥቅምት ላይ ብስክሌቱን ተሸክሞ ቶርኖ ቤቴ መጣ። ተሸክሞ ነው የምላችሁ፤ እሷማ መሽከርከር ትታለች። ከእንጦጦ ሲወርድ የኋላ ቸርኬዋ ተጣሞ ስምንት ቁጥር ሆኗል። መሃሏ ላይ ቀይ ሞላ ተወጥሯል፣ ከፊት ደግሞ ሁለት። ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ጽሕፈት ያልተለጠፈበት ቦታ የላትም።

«ጋሼ፣ አራት ወር እንኳ አልሞላትም እኮ» አለኝ። «ባለ ሦስት ሞላ ናት፣ ጠንካራ ናት ተብዬ ነው የገዛኋት።»

የሱቁ ስም ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። መሃለኛው ሞላ የታሰረበትን ብሎን ፈታሁት። ብረቱ የሚተጣጠፍበት መገጣጠሚያ ላይ አንድ ኩሽኔታ የለም፤ ብረት ብረትን ፈጭቶት ክብ የነበረው ቀዳዳ የእንቁላል ቅርጽ ይዟል። ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜያለሁ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሳይ ደሜ ይፈላል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ለአዲስ አበባ ዳገትና ለዙሪያዋ ኮረኮንች ብስክሌት የሚፈልግ ሰው፣ ገንዘቡ የተቆጠረ ከሆነ፣ ከኋላ ሞላ ያላትን አይንካ። ከቻለ ደግሞ ተገጣጥማ ያለቀችውን ከመግዛት ዕቃ በዕቃ መርጦ ያስገጥም። ከያዘው ገንዘብ ሲሶውን ለኋላ ቸርኬ ያውል። ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ሳቀ። ቸርኬ ማን ያይለታል?

እኔ የምላት ዓይነት ብስክሌት በሙያተኞቹ ዘንድ «ሀርድቴይል» ትባላለች፤ ጭራዋ የደረቀ እንደማለት። ከፊት የሚለጠጥ ሹካ አላት፤ ከኮርቻው ወደ ኋላ ግን አንድ ወጥ ብረት ናት፣ የሚታጠፍ ነገር የላትም። ጥሩ የኋላ ሞላ የለም አልወጣኝም። አለ። በየመታጠፊያው ኩሽኔታ ያለው፣ ንዝረቱን በዘይት የሚያበርድ፣ ዋጋውም እኛ ከምናስበው ሙሉ ብስክሌት የሚበልጥ ነው። ርካሹ ግን ለዓይን የተሠራ ነው። ፔዳል በረገጥክ ቁጥር ጉልበትህን እየበላ ቁጭ ብድግ ይላል፤ ድንጋይ ሲመጣ ደግሞ የለም።

የተራራ ብስክሌት ሲጀመርም በመገጣጠም ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በተባለው አውራጃ፣ ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የሚኖሩ ወጣቶች የተራራ ብስክሌት ገዝተው አልወጡም፤ የሚሸጥ አልነበረምና። ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ የቀሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው የሽዊን ብስክሌቶችን ከአሮጌ ዕቃ መሃል እያወጡ የሞተር ሳይክል ፍሬን እጀታና የሌላ ብስክሌት ማርሽ ገጠሙባቸው። በ1976 ውድድር የጀመሩበት ቁልቁለት «ሪፓክ» ይባላል። የኋላ ሞዞው፣ ማለትም የጎማው እምብርት፣ ውስጥ ያለው ፍሬን ሲወርዱ እየጋለ ግራሶውን አጭሶ ይጨርሰው ነበር፤ ታች ሲደርሱ እንደገና መሙላት ግድ ነው፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ጆ ብሪዝ ነው። በ1977 ለዚሁ ቁልቁለት ብሎ ከክሮሞሊ ቱቦ አዲስ ቴላዮ፣ ማለትም የብስክሌት አካል፣ ሠራ።

ክሮሞሊ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተጨመረበት ብረት ነው፤ በሙያው 4130 ይባላል። እኔም ለልጁ የፈለግሁት እሱን ነው። አልሙኒየም ይቀላል፣ አይዝግም፤ ሲሰነጠቅ ግን ጎበዝ በያጅ ቢያያይዘው እንኳ ሙቀቱ የነካው ዙሪያ ይለሰልሳል፤ ጥንካሬው የሚመለሰው በልኩ በተቃጠለ ምድጃ ውስጥ እንደገና ሲገባ ነው። ያ ምድጃ ሰፈራችን የለም። ብረትን ግን እጁ የረጋ በያጅ ያድነዋል። የካርቦን ቴላዮውን አናንሳው።

ያገለገለ ቴላዮ ፍለጋ መርካቶ ስወርድ ሦስት ነገር ይዤ ነው፤ ማግኔት፣ ካሊፐርና ሲባጎ። ማግኔቱ ብረትን ከአልሙኒየም ይለያል፤ ተራውንም ብረት ስለሚስብ ግን ብቻውን አይበቃም። በካሊፐሩ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበትን ቀዳዳ እለካለሁ። 27.2 ሚሊ ሜትር ካነበበ ቱቦው ግድግዳው ስስ የሆነ ጥሩ ብረት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ 25.4 ካለ ብዙ ጊዜ ወፍራምና ከባድ ተራ ብረት ነው። ሲባጎውን ደግሞ የኋላ ጎማ ከሚታሰርበት ከአንዱ ጆሮ አስነስቼ፣ በፊት አንገቷ አዙሬ፣ ወደ ሌላኛው ጆሮ እመልሰዋለሁ። ከኮርቻው ቱቦ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል ካልመጣ ቴላዮው ተጣሟል።

«ጋሼ፣ ሱሪ ሊሰፉላት ነው እንዴ?» አለኝ ሻጩ።

ሁለቱ ተጣመው ተገኙ። ሦስተኛው ቀና ነበር፤ ቀለሙ የተላጠ አረንጓዴ። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፣ እኔ ከፈልኩ።

አሁን ወደ ቸርኬው። ከነጂው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚያርፈው ኋላ ነው። ፊተኛውን ጎማ በእጅህ ከድንጋይ ታነሳዋለህ፣ ታዞረዋለህ፤ የኋላው እየተጎተተ መጥቶ ያንኑ ድንጋይ ይመታል። ዳገት ላይ ደግሞ ካቴናው የሚጠመዝዘው እሱን ነው። ማርሹ በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚወስድ የቀኙ ሽቦዎች ከግራዎቹ ይልቅ ቀጥ ብለው፣ አብዝተው ተወጥረው ነው የሚቆሙት። ሽቦ ሲበጠስ ብዙ ጊዜ የኋላው ነው፣ ያውም ከሞዞው ጋር በሚታጠፍበት አንገቱ ላይ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ዕቃ ግን ሱቅ ውስጥ ማንም የማይጠይቅለት ነው።

የልጁን የተጣመመ ቸርኬ በመጋዝ ቆርጬ አሳየሁት። ግድግዳው አንድ ብቻ ነው፤ እንደ ቦይ ክፍት። ባለ ሁለት ግድግዳው ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ሳጥን ነው፣ በቀላሉ አይጠመዘዝም። እሱን ገዛን፤ ባለ 36 ቀዳዳ። 32ቱ ያንሳል ወይ? ለቀላል ሰው አያንስም። ልጁ ግን ሰማንያ ኪሎ ይመዝናል፣ ዕንጨትም ሆነ እህት ጭኖ የሚመጣበት ቀን አለ። ሽቦው የማይዝግ ባለ 2 ሚሊ ሜትር፣ የሽቦው ራስ የሚታሰርበት ትንሿ ዕቃ አልሙኒየም ሳትሆን ናስ፤ አልሙኒየሟ ክረምት ካለፈባት ነክሳ ትቀርና አትፈታም። እያንዳንዱ ሽቦ ከሞዞው እስከ ቸርኬው ሦስት ሌላ ሽቦ እንዲያቋርጥ አድርገን ሰደርነው።

መወጠሩ ሁለት ምሽት ወሰደብን። እንደ ክራር ቅኝት ነው ነገሩ። ሽቦውን በጥፍርህ ትነካዋለህ፤ በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ አንድ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንዱ ሲወፍር ጎረቤቱ የእሱን ሸክም ተሸክሟል ማለት ነው። ቀና ከሆነ በኋላ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በመዳፍ አጥብቆ መጭመቅ፣ ከዚያ እንደገና መቃኘት። ልጁ መጀመሪያ ሰልችቶት ስልኩን ይነካካ ነበር። ሁለተኛው ምሽት ላይ ጆሮው ከእኔ በለጠ፤ ሳልነካው «ይቺ ወርዳለች» ይለኝ ጀመር።

ሞዞ ስመርጥ ስሙን አልጠይቅም፤ ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነባለሁ። 6902 ይላል እንበል። ውስጡ 15፣ ውጩ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህ ቁጥር የብስክሌት ሠሪው አይደለም፣ የዓለም ነው፤ ለማሽንም ይሆናል። ሲያረጅ ቁጥሩን ይዤ ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ፣ ስለ ብስክሌት አንድ ቃል ሳላወራ ገዝቼ እመለሳለሁ። ድቡልቡል ብረቶቹ ልቅ የሆኑበት ዓይነት ሞዞም መጥፎ አይደለም፤ የኋላው ብረቶች ሩብ ኢንች ናቸው፣ ይገኛሉ። የሚንከባለሉበት ሾጣጣ ዕቃ ግን ሲበላ የሚገኘው ከዚያው ፋብሪካ ነው። በቶርኖ ቆርጬ ልተካው ሞክሬ አውቃለሁ። መልኩ አንድ ነው። ብረቱን በወጉ ስላላጠነከርኩት ሳምንትም አልቆየ።

ፍሬን ላይ ተጨቃጨቅን። ልጁ በዘይት የሚሠራውን ፈለገ፤ እውነቱን ለመናገር በአንድ ጣት የሚይዘው እሱ ነው። እኔም ነበረኝ። ማዕድን ዘይት የሚጠጣ ዓይነት ነበር፤ ለጥገና የሰጠሁት ሰው የመኪና ፍሬን ዘይት ሞላበት። ሁለቱ ዘይቶች አይዋደዱም፤ የውስጡ ጎሚኒ አብጦ እጀታው ደርቆ ቀረ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ነበርኩ፤ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። ስለዚህ የልጁ ፍሬን ዲስክ ነው፣ የሚጎትተው ግን ሽቦ ነው። የፊት ዲስኩ 180 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 160። ቸርኬውን የሚይዘውን ላስቲክ ያልመረጥኩት ለጭቃ ብዬ ነው፤ በክረምት አሸዋው በላስቲኩና በቸርኬው መሃል ገብቶ ያን ያህል የደከምንበትን ቸርኬ እንደ ወፍጮ ይበላዋል።

ማርሹ ከፊት አንድ፣ ባለ 30 ጥርስ፤ ከኋላ ዘጠኝ፣ ከ11 እስከ 42። ትልቁ ላይ ሲሆን አንድ ዙር ፔዳል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያስኬዳል። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ራሱ ቀጭን ነው፣ ኩራት አያስፈልግም። ባለ 9 ካቴና ከባለ 12ቱ ይረክሳል፣ ማስተካከያውም ትንሽ መዛነፍን ይታገሣል።

ለፊት ሹካ ያገለገለ ገዛን፤ በአየር ሳይሆን በብረት ሞላ የሚሠራ። አየሩ ቀላል ነው፤ አየር የሚይዘው ጎሚኒ ሲደክም ግን ሹካው ቁጭ ይላል። ሞላው ግራሶ ካገኘ ሌላ ጥያቄ የለውም። ያገለገለ ሹካ ሲገዛ የሚያብለጨልጨውን ቧንቧ በጥፍር ከላይ እስከ ታች መዳሰስ ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ይተዉት።

በጎማው መጠን ተሸንፌያለሁ ማለት እችላለሁ፣ ወይም አልተሸነፍኩም። ልጁ 29 ኢንች አለ። ትልቅ ጎማ ድንጋይን ቀለል አድርጎ ይሻገራል፣ አልክድም። ነገር ግን የ26ቱ ጎማና ካላማዳሪ በየመንደሩ አለ፤ ሆለታ ብትፈነዳ ሆለታ ይገኛል። ደግሞም አረንጓዴው ቴላዮ 29ን አያስገባም፣ ጭቅጭቁን የዘጋው እሱ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ሲሠራ እያየን ነው። ደስ ይለኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ስፖርቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስለ መንገዱ የሚያወራ ሁሉ ግን ስለ መለዋወጫ ቢያወራ ደስታዬ ይጨምር ነበር። አስመጪ ዘመዶቼን እንዲህ ብዬ እጨቀጭቃለሁ፦ አንድ ኮንቴነር ባለ ቀይ ሞላ ከምታመጡ ግማሹን ባለ ሁለት ግድግዳ ቸርኬ፣ ሽቦና ካቴና አድርጉት። ትርፉ ያንሳል ይሉኛል። አንዴ የገዛው ሰው መልሶ አይመጣም፣ ብስክሌት ጠልቶ ይቀራል እንጂ፤ እሱን በየትኛው ሒሳብ እንደሚያስገቡት አይነግሩኝም።

አረንጓዴዋ ሚዛን ላይ 14 ኪሎ መጣች፤ የድሮዋ 18 ነበረች። ልጁ እሁድ እሁድ እንጦጦ ይወጣባታል። ባለፈው ሳምንት «ትጮሃለች፣ ከፔዳሉ ሥር ነው» ብሎ መጣ። ፔዳሉን ፈታን፣ ኩሽኔታውን አየን፣ ምንም የለም። ድምፁ ከኮርቻው ዘንግ ነበር፤ ደርቆ ነው፣ ትንሽ ግራሶ ቀባነው። የድሮዋን አካል ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሰጠሁት። ቀዩን ሞላ ግን አስቀርቼዋለሁ፤ የቶርኖ ቤቴ በር ሲከፈት ግድግዳውን እንዳይመታ ከኋላው አስሬዋለሁ። እዚያ ጥሩ ይሠራል።