ፓምፑ ለምን እሷ እያለች ብቻ ይቆማል?

ለዛሬ የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ከወልቂጤ፣ ሌላው ከቡታጅራ። ሁለቱም ስለ ፍቅር አይደሉም፤ ስለ ውሃ ፓምፕ ናቸው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ከብዙ የፍቅር ደብዳቤ የበለጠ የሚያሳስቡ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። የጸሐፊዎቹን ስም እንደ ልማዳችን አናወጣም።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 23 ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ ወልቂጤ ታላቅ ወንድሜ ቤት እኖራለሁ። እኛ ሰፈር ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ፣ ሲመጣ ምድር ያለው ሮቶ ውስጥ እናጠራቅምና በፓምፕ ወደ ላይኛው ሮቶ እንገፋዋለን። ይኸው ፓምፕ ከመስቀል ወዲህ ጠባዩ ተለወጠ። አንዳንዴ ደህና ይሠራል። አንዳንዴ ደግሞ 'እምም' እያለ ያጉረመርምና ዝም ይላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ሁለት ጊዜ ባለሙያ ጠራን። ሁለቱም ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ስላገኘው 'ምንም የለውም' ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

የወንድሜ ሚስት 'የምትነካካው ሠራተኛዋ ናት' ብላ ደመደመች። እውነቱን ለመናገር እኔም ቆጥሬ አይቻለሁ። የሚቆመው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት፣ ልጅቷ እንጀራ ስትጋግር ነው። እሁድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንደ ጉድ ይሠራል። አሁን ጥገናው ከደመወዟ እንዲቆረጥና በወሩ መጨረሻ እንድትሰናበት ተወስኗል። እኔ 'ቆይ፣ ይጣራ' ብል 'ምነው ተቆረቆርክላት? ምን አላችሁ?' ተባልኩ። ወንድሜም ዝም አለ። በሰው ቤት እየበላሁ ምን ልናገር? ልጅቷን ግን ስታለቅስ አይቻታለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ የወንድምህ ሚስት ያየችው ትክክል ነው። የፈረደችው ፍርድ ግን በጣም ያጠራጥራል። ንዴቷንም እንረዳለን፤ በወልቂጤ የውሃ ነገር ቀልድ አይደለም። የካቲት 2015 ዓ.ም. የውሃ እጦት የቀሰቀሰው ተቃውሞ የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት እንደደረሰ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መግለጹ ይታወሳል። ቢሆንም ውሃ አጣን ተብሎ ንጹሕ ሰው አይወነጀልም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም። አብሯት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ምጣድ ከ3 ሺህ 500 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ያህል ነው። የቤታችሁ መስመር ቀጭን ከሆነ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ የላላ ማያያዣ ካለ፣ ምጣዱ ሲሰካ ለፓምፑ የሚደርሰው ቮልት ይወርዳል። ፓምፕ ደግሞ ቮልት ሲጎድልበት በልኩ አይደክምም፤ ይብስበታል። ከ220 ወደ 160 ቮልት ከወረደ የመነሻ ጉልበቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለመነሳት ይታገላል፣ ያጉረመርማል፣ ይግላል። ብዙዎቹ የቤት ፓምፖች ውስጣቸው ሲግል የሚቆርጥ፣ ሲበርድ መልሶ የሚያገናኝ መከላከያ አላቸው። «ማንም ሳይነካው ይነሳል» ያልከው ይኼኛው ሳይሆን አይቀርም። መስቀል ላይ መጀመሩም አይገርምም። ጉራጌ አገር ለመስቀል ስንት እንግዳ እንደሚገባ አንተ ታውቀዋለህ፤ ምጣዱም ፓምፑም እረፍት አልነበራቸውም፣ የላላው ማያያዣም እየጋለ ይበልጥ ይላላል።

ባለሙያው ለምን አላገኘውም? የመጣው ምጣዱ በማይሠራበት ሰዓት ቢሆን ነዋ! በሽታው በሌለበት ሰዓት በሽተኛ ቢመረምሩት ጤነኛ ነው።

እንግዲህ እኛ ቤታችሁ አልገባንም። ስለዚህ ፈትነህ አረጋግጥ። አንድም ብሎን አትፈታም። እሁድ፣ ልጅቷ በሌለችበት፣ ወንድምህና ባለቤቱ ባሉበት መጀመሪያ ፓምፑን ለብቻው አስነሳው። ከሠራ አጥፋው። ቀጥለህ ምጣዱን ሰክተህ በደንብ ሲግል ፓምፑን መልሰህ አስነሳ። ካጉረመረመ ወዲያው አጥፋው፤ ነገሩ አለቀ፤ ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ናት! በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ጋገራው ካለቀ በኋላ ብቻ ፓምፑን አስነሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሁለት ነገር አብረህ ከለወጥክ የትኛው እንዳዳነው አታውቅም። አምፖል ደበዘዘ አልደበዘዘ ብለህም አትፍረድ። የድሮው አምፖል የቮልት መውረድን ቶሎ ያሳብቅ ነበር፤ የዛሬዎቹ ኤልኢዲዎች ብዙዎቹ ይደብቁታል።

ጥርጣሬያችን ከተረጋገጠ ባለሙያውን ጥራ፤ ግን ምጣዱ ተሰክቶ እያለ ይለካ። ጎረቤትም ዘንድ አብሮ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የመንገዱ መስመር ነው፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 አመልክቱ። እናንተ ቤት ብቻ ከሆነ ከባልቦላው ጀምሮ የላላ ማያያዣ ይፈለግ። ይህ የፓምፕ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ኦም ብቻ የሚቋቋም መጥፎ ማያያዣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 250 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። ግድግዳ ውስጥ ወይም ኮርኒስ ላይ ሲሆን ቤት ያቃጥላል። መፍትሔው ለምጣዱ ከባልቦላው የሚነሳ የራሱ ወፍራም መስመር መዘርጋት ነው። ቆጣሪውን ግን ማንም እንዳይከፍተው፤ እሱ የመሥሪያ ቤቱ ነው።

ፈተናው ሌላ ነገር ካሳየስ? ያን ጊዜ ደብተር ያዝ። ለአንድ ሳምንት በቆመ ቁጥር ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ያጉረመርም እንደሆነ ወይም ጭጭ እንዳለ፣ ባልቦላው ወድቆ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደተነሳ ጻፍ። ምልክቱ ለባለሙያው መንገድ ያሳየዋል፦

— ቮልቱ ደህና ሆኖ እያጉረመረመ የማይነሳ ከሆነ ካፓሲተሩ ደክሟል ወይም ውስጡ ቆሻሻ ይዞታል። ካፓሲተር ከተነቀለም በኋላ ኮረንቲ ይዞ ስለሚቆይ አንተ አትንካው።

— ጭጭ ብሎ ቆሞ ሽቦው ሲነቀነቅ የሚነሳ ከሆነ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ሮቶ ውስጥ የሚንሳፈፈው ማብሪያ ሽቦው በየቀኑ ስለሚታጠፍ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እሱ ነው።

— ደህና ሲሠራ ቆይቶ ግሎ የሚቆም ከሆነ የታችኛው ሮቶ አልቆ በደረቁ እየዞረ እንዳይሆን እይ።

ስለ ቤቱ ጉዳይ ደግሞ ይህን ስማን። ከወንድምህ ሚስት ጋር ስለ ልጅቷ አትከራከር፤ በተከራከርክ ቁጥር ሐሜቱን ታጠናክራለህ። ስለ ፓምፑ ብቻ ተናገር። ወንድምህን ለብቻው አግኝተህ «ጋሼ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለጥገና ከመክፈላችን በፊት እሁድ አንድ ነገር እንሞክር» በለው። ገንዘብ የሚያድን ሐሳብ ማንም አይጠላም። እውነቱ ሲወጣ ግን ዝም ብለህ አትለፍ። የተቆረጠ ደመወዝ ካለ ይመለስላት፣ ይቅርታም ትጠየቅ። በሰው ቤት እየበላህ ያለኸው አንተ ብቻ አይደለህም፤ እሷም ናት።

ጥያቄ፦ «ቡታጅራ የምኖር የ25 ዓመት ባለትዳር ነኝ። ግቢያችን ጉድጓድ ስላለ በፓምፕ ነው ውሃ የምናወጣው። ዝናብ ባደረ ጠዋት ባልቦላው ይወድቃል፤ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ መልሰን ስናነሳው ይሠራል። ባለቤቴ ሲሰለቸው ባልቦላውን ትቶ በሽቦ ቀጥታ አገናኘው። አሁን አይወድቅም። ግን ቧንቧውን ስነካ ይነዝረኛል። ባለቤቴ 'ጫማ አድርጊ' ይለኛል። የሦስት ዓመት ልጅ አለችን። እያካበድኩ ነው?»

መልስ፦ እህታችን፣ አላካበድሽም። ይህን እንዳነበብሽ እጅሽን አድርቀሽ፣ ጫማሽን አድርገሽ፣ ደረቅ ቦታ ቆመሽ የቤቱን ዋና ማጥፊያ አጥፊ። ባለሙያ መጥቶ ያን ሽቦ ሳያነሳና ፓምፑን ከመስመር ሳያወጣ መብራቱ አይመለስ። እስከዚያ ውሃ በባልዲ ቅዱ። ልጅቷም ወደ ቧንቧው እንዳትጠጋ።

ባልቦላው ሲወድቅ አልተበላሸም፤ እየነገራችሁ ነበር። ዝናብ ባደረ ቁጥር መውደቁ፣ ፀሐይ ሲሞቅ መዳኑ፣ የሆነ ቦታ እርጥበት መግባቱን ያሳያል። ብዙ ጊዜ በናስትሮ ተጠቅልሎ መሬት ላይ የተኛ ቅጥያ ነው፤ ወይም የፓምፑ ሽቦ ማያያዣ ሣጥን። ባለቤትሽ ያስወገደው ችግሩን ሳይሆን ምስክሩን ነው።

«ጫማ አድርጊ» የሚለው ምክር አያድንም። 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኮረንቲ በደረት ካለፈ ሰው ሊገድል ይችላል። ተራ ባለ 16 አምፔር ባልቦላ ደግሞ ከዚያ 500 እጥፍ በላይ ካላለፈበት አይቆርጥም። ስለዚህ ባለሙያው ሦስት ነገር ይሥራ፦ እርጥበት የገባበትን ቅጥያ ይቀይር፣ ፓምፑን ከመሬት ሽቦ ጋር ያገናኝ፣ ሰው ሲነዝር ወዲያው የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ያስገባ። እግዚአብሔር አይበለውና ሰው ኮረንቲ ከያዘው፣ መጀመሪያ ዋናውን ማጥፋት እንጂ ሮጦ መያዝ የለም።

ባለቤትሽ ወጪውን ካነሳብሽ ልጃችሁ ውሃ መቅዳት የጀመረች ዕለት ቧንቧውን በባዶ እግሯ እንደምትይዘው ንገሪው። እሱም አባት ነው፤ ይገባዋል።

ሁለቱም ቤት የሆነው አንድ ነው። እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ሰውን ያናድዳል፣ የተናደደ ሰው ደግሞ ቅርቡ ያለውን ይመታል። ወልቂጤ ሠራተኛዋን፣ ቡታጅራ ባልቦላውን። እናንተ ግን ብልሽት ሲገጥማችሁ «ማን ነካው?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ ነው የሚቆመው?» በሉ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ላይ ነው ያለው።

የሳምንት ሰው ይበለን!